የሌላ ዓለም እንስሳት በምን ይጣላሉ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ የሳይንስ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ከምድር በጣም ርቃ በምትገኝ፣ ደረቅና ምግብ በጠፋባት ፕላኔት ላይ ነው። ስበቷ የምድርን እጥፍ ነው። ኑሮው ከባድ ስለሆነ እንስሳቷን በሙሉ እርስ በርስ የሚገዳደሉ አድርጌ ሣልኳቸው፤ መክፈቻው ላይ ሁለት አውሬዎች በአንዲት ኩሬ ተጣልተው ሁለቱም ይሞታሉ። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ ግን "ሁሉም ጨካኝ ከሆነ ማን ይተርፋል?" ብሎ አፋጠጠኝ። በዝግመተ ለውጥ ዓይን እንዲህ ያለ ዓለም ይቻላል? ጠበኝነትን የሚወስነውስ ምንድን ነው?»

ምላሽ፦

ጓደኛሽ ቁም ነገር ነው የጠየቀሽ፤ ስላፋጠጠሽ አትቀየሚው። ሙያዬ የእንስሳት ባሕርይ ጥናት ነው፤ ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍኩት ሜዳ ላይ ተቀምጬ ጭላዳ ሲግጥ በማየት ነው። ስለዚህ ስለ ሩቅ ፕላኔት ስጠየቅ ልቤ ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ መንዝ ጓሳ ቢሮጥ አይግረምሽ።

ከምድር ውጭ ሕይወት ያለው ነገር እስካሁን አልተገኘም። ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩ ከ5,000 በላይ ፕላኔቶች ተመዝግበዋል፤ አንዳቸውም ላይ ግን አንዲት ትል አላየንም። ታዲያ ምን ይዘን ነው የምናወራው? ሒሳብ ይዘን። የሚጣላ እንስሳ የሚያገኘው ነገር አለ፣ የሚያጣውም አለ። የሚያተርፍ ባሕርይ ከትውልድ ትውልድ ይበዛል፣ የሚያከስር ባሕርይ እየሳሳ ይሄዳል። ይህ ስሌት የደሙን ቀለም፣ የእግሩን ብዛት፣ የሚተነፍሰውን አየር አይጠይቅም። ራሱን የሚያባዛ፣ ባሕርዩን የሚያወርስና ከሌላው ጋር የሚሻማ ነገር እስካለ ድረስ ይሠራል። አንጎል እንኳ አያስፈልግም። ባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር አኔሞኒ የተባለ አበባ መሳይ እንስሳ አለ፤ አንጎል የሚባል ነገር የለውም። ሆኖም አንዳንዱ ዝርያ ባዕድ ጎረቤት ሲጠጋው መርዝ የያዙ ጉብታዎቹን አሳብጦ ይለበልበዋል፤ ከራሱ አካል ተከፍሎ የወጣውን መንትያውን ግን አይነካም።

ወደ ረቂቅሽ ልምጣ። ያልተዋጠልኝ «ኑሮ ከበደ፣ ስለዚህ ጠብ በዛ» የሚለው ነው። ማጣት ብቻውን ጠብ አይወልድም። ጠብ የሚወልደው አጥር ሊታጠርበት የሚችል ሀብት ነው።

ጭላዳን ተመልከቺ። የሚበላው በአብዛኛው ሣር ነው፤ ሣር ደግሞ ለጠብ አይመችም። በየቦታው ተዘርግቷል፣ እያንዳንዷ ጉርሻ የምትሰጠው ጉልበት ጥቂት ነው፣ ጎረቤትን አባርሮ የሚገኘው እፍኝ ሣር ለማባረር የወጣውን ጉልበት አይመልስም። ስለዚህ በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች በዚያ ብርድ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ሲነጩ ይውላሉ። በጋ ገብቶ ሣሩ ሲደርቅ መሬት እየጫሩ ሥር ይበላሉ፤ ያኔም ቢሆን መንጋው ተበላልቶ አያልቅም። በአንቺ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ በየበጋው ሜዳው ደም በደም መሆን ነበረበት።

እነዚሁ ጭላዳዎች ግን በሌላ ጉዳይ ሌሎች ናቸው። አንድ አውራ ከጥቂት ሴቶች ጋር ቤተሰብ መሥርቶ ይኖራል፤ በዙሪያው ሚስት የሌላቸው ወጣት ወንዶች ያንዣብባሉ። ሴቶቹ ጥቂት ናቸው፣ አንድ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከበው ሊጠብቋቸው ይቻላል። ማለትም አጥር ይታጠርባቸዋል። የወጣቶቹ ፈተና ሲመጣ ጭላዳ ያን ሁሉ ሣር ለመንጨት ፈጽሞ የማያስፈልገውን ረጅም ክራንቻ ለምን እንዳበቀለ ይገባሻል። ያሸነፈው ወንድ ከተሸነፈው የተወለዱ ግልገሎችን ሊገድል ይችላል፤ ግልገሉ ከሞተ እናቲቱ ቶሎ ትፀንሳለችና። በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የታተመ በሰሜን ተራሮች የተደረገ ጥናት ደግሞ አዲስ አውራ ሲገባ ከነፍሰ ጡሮቹ አብዛኞቹ ፅንሱን እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። ሊገደል ለተቃረበ ልጅ ወራት ከማፍሰስ ቶሎ መቁረጥ ይሻላል የሚል ጨካኝ ስሌት ሥጋቸው ውስጥ ተጽፏል። አውራው የሚነግሠው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ለሰው ሹም ነቀፋ ነው፤ ለጭላዳ ግን የተፈጥሮ ሕግ ነው። አንድ እንስሳ፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ ቀን፤ በሣሩ ሰላም፣ በትዳሩ ደም።

አጥሩ መቼ እንደሚያዋጣ በቁጥር የታየበትን አንድ ጉዳይ ልጨምር፤ ማለፍ አልቻልኩም። በ1970ዎቹ ኬንያ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ወርቃማ ክንፍ ያላትን አንዲት ወለላ መጣጭ ወፍ አጠኑ። የምትቀስመው ከእኛው ራስ ክምር ጋር ከአንድ ወገን የሆነ ብርቱካናማ አበባ ነው። ወፏ ቅርንጫፍ ላይ ስትቀመጥ በሰዓት 400 ካሎሪ፣ አበባ ስትቀስም 1,000፣ ሌላ ወፍ ስታባርር 3,000 ታወጣለች (ይህ ትንሹ ካሎሪ ነው፤ ብስኩት ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው የዚህ ሺህ እጥፍ ነው)። እያንዳንዱ አበባ 1 ማይክሮ ሊትር ወለላ ቢይዝ የቀን ፍጆታዋን ለመሙላት 8 ሰዓት መቅሰም አለባት። ሻሚዎቿን አባርራ አበባው 2 ማይክሮ ሊትር እስኪይዝ ብታስጠብቀው 4 ሰዓት ይበቃታል። የተረፏትን 4 ሰዓታት ቁጭ ብላ ስታሳልፍ በየሰዓቱ 600፣ በጠቅላላው 2,400 ካሎሪ ታተርፋለች። የማባረሩ ወጪ በቀን 700 ካሎሪ ገደማ ስለሆነ ጠቡ ያዋጣታል። አበባው ሁሉ ሞልቶ የተረፈበት ወቅት ቢሆንስ? ከ4 ወደ 6 ማይክሮ ሊትር ከፍ ቢል የምታተርፈው 40 ደቂቃ ብቻ ነው፤ 400 ካሎሪ። አያዋጣም። ታዲያ ወፏ ምን ታደርጋለች? ትተዋቸዋለች። አበባው እጅግ ሲከሳም እንዲሁ ነው፤ ብትጠብቀውም ስለማያኖራት ጥላው ትሄዳለች። ስለዚህ ጠብ የሚበረታው በድህነት ጫፍም በጥጋብ ጫፍም አይደለም፤ መሐል ላይ ነው።

ስለዚህ ለፕላኔትሽ «ውሃ ትንሽ ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ትንሹ ውሃ እንዴት ነው የተቀመጠው? ሌሊት ሌሊት በየድንጋዩ ላይ እንደ ጤዛ የሚወርድ ከሆነ እንስሳትሽ ከጭላዳ የባሰ ሰላማውያን ይሆናሉ፤ ጤዛን ማን ያጥራል? በቀን መንገድ ርቀት ላይ አንዳንድ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀም ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ባለቤት ይወጣለታል። የዝናቡ መጠን አንድ ሊሆን ይችላል፤ ዓለሞቹ ግን አይገናኙም።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ጥያቄ። ሁሉም ጨካኝ ከሆነ ማን ይተርፋል?

ይህን ጥያቄ በ1973 ጆን ሜይናርድ ስሚዝና ጆርጅ ፕራይስ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ በጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ቀመሩት። ሐሳቡ ሲቀል እንዲህ ነው። በአንድ ሀብት ላይ የሚገናኙ ሁለት ዓይነት ባሕርያት አሉ እንበል። «ጭልፊት» እስኪያሸንፍ ወይም እስኪቆስል ይዋጋል። «ርግብ» ትፎክራለች፤ ነገሩ ከመረረ ትሄዳለች። ሀብቱ 50 ነጥብ ያወጣል፣ ቁስል 100 ነጥብ ያስከፍላል። ሁለት ጭልፊቶች ሲገናኙ አንዱ 50 ያገኛል፣ ሌላው 100 ያጣል፤ በአማካይ እያንዳንዳቸው 25 ይከስራሉ። ጭልፊት ርግብን ሲያገኝ 50ውን ያለ ውጊያ ይወስዳል፤ ርግቧ ዜሮ። ሁለት ርግቦች በአማካይ 25፣ 25 ይካፈላሉ።

የአንቺን ፕላኔት በጭልፊት ብቻ እንሙላት። እያንዳንዱ በየግጥሚያው 25 ይከስራል። አንዲት ርግብ በድንገት ብትወለድ ከማንም ጋር ብትገናኝ ዜሮ ነው የምታገኘው፤ ዜሮ ግን ከኪሳራ ይሻላል። ልጆቿ ይበዛሉ። የሁሉም ጨካኝ ዓለም በአንዲት ፈሪ ይፈርሳል ማለት ነው። በርግብ ብቻ የተሞላ ዓለምም አይጸናም፤ የመጀመሪያው ጭልፊት በየደረሰበት 50 ይሰበስባል። ሚዛኑ የሚቆመው የጭልፊቱ ድርሻ ሀብቱን ለቁስሉ ስናካፍል ከሚገኘው ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ እዚህ 50 ለ100፣ ማለትም ግማሽ። በዚያን ጊዜ ጭልፊትም ርግብም በአማካይ 12.5 ያገኛሉ። ልብ አድርጊ፤ ሁሉም ርግብ ቢሆኑ ኖሮ 25 ያገኙ ነበር። ዝግመተ ለውጥ ለሁሉም የሚበጀውን አይመርጥም፤ የማይሰበረውን ነው የሚመርጠው። ስለ ባዕድ ዓለም ስንጽፍ «ዝርያው እንዲተርፍ ሲባል…» የሚል ሐረግ በብዕራችን ሾልኮ ይገባል። አስወጪው።

ከዚህ ቀጥሎ ስበት ይገባል፤ እዚህ ላይ ረቂቅሽ ራሱን ይቃረናል። ስበት ከበረታ እንስሳቱ ይከፋሉ ብለሽ አስበሻል። ነገር ግን ስበቱ እጥፍ በሆነበት ምድር ከአንድ ቁመት የወደቀ አካል መሬት የሚመታው በእጥፍ ጉልበት ነው፤ የወደቀ ይሰበራል፣ የተሰበረ ይሞታል። ስለዚህ የቁስሉ ዋጋ ከ100 ወደ 200 ይወጣል እንበል፤ የጭልፊቱ ድርሻ ከግማሽ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከባዱ ፕላኔት ለጥንቃቄ ነው የሚገፋው።

ውጊያ ሲወደድ የሚተካው ፉከራ ነው። በስኮትላንድ ረም በተባለች ደሴት ላይ የሚኖሩት ቀይ አጋዘኖች በመራቢያ ወቅት መጀመሪያ በሩቁ እየተፈራረቁ ያገሳሉ። ድምፁ ካልለያቸው ጎን ለጎን እየተራመዱ ይተያያሉ። ቀንድ የሚያያይዙት ይህ ሁሉ ሳይፈታቸው ሲቀር ነው። ማግሳት ጉልበት ይጨርሳል፤ የከሳ አጋዘን እንደ ወፈረው እያከታተለ ሊያገሳ አይችልም፤ ስለዚህ ፉከራው ውሸት ለመሆን ይከብደዋል። የጭላዳ አውራ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳም እንዲሁ ነው፤ ድምቀቱ ከማዕረጉ ጋር ይሄዳል። እኔ ብሆን በአንቺ ፕላኔት ላይ ደም ሳይሆን ሽለላ እሞላበት ነበር። አየሩ ወፍራም ከሆነ በድምፅ፣ ስስና ጥርት ያለ ከሆነ በቀለምና በቁመና። ቀንዱም መውጊያ ሳይሆን መተሻሻያ ይሆናል፤ ተጠላልፎ የሚገፋፋ፣ አንገት የሚያስጎነብስ፣ የማይበሳ።

እንግዲህ ገዳይ ጠብ ፈጽሞ የለም ማለቴ ነው? አይደለም። በ2016 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በ1,024 የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎች የተመዘገቡ ሞቶችን ሰብስቦ ሲያሰላ፣ በራስ ወገን እጅ የተገደሉት፣ የግልገል ግድያ ተጨምሮ፣ ከ1,000 ሞት 3 ያህል ነበሩ። ትንሽ ነው። ግን ዝርያ በዝርያ ሲታይ ልዩነቱ ይገርማል። ከሁሉ የላቀችው አንበሳ ወይም ጅብ አይደለችም፤ ሚርካት የተባለችው፣ በደቡባዊ አፍሪካ ደረቅ ምድር በሁለት እግሯ ቆማ አካባቢዋን የምትቃኘው፣ በፖስታ ካርድ ላይ የምናደንቃት ትንሽ እንስሳ ናት። ከ5 ሞት አንዱ ገደማ በወገኗ እጅ ነው። እነዚሁ ሚርካቶች ግን አብረው ዘብ ይቆማሉ፣ የሌላውን ልጅ ያሳድጋሉ። የግድያው ምክንያት ያው አጥሩ ነው፤ በቡድኑ ውስጥ የመውለድ ዕድል በአብዛኛው የአንዲት እመቤት ነው፣ እሷም የሌሎችን ግልገል ትገድላለች። ሁሉን የሚያሳድግ አንድ ጓዳ ባለበት ጓዳውን መያዝ ሕይወትን ያክላል። መተባበርና መገዳደል እንዲህ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ።

ከዚህ የባሰው ሾላ ውስጥ ነው። በሾላና በዘመዶቹ ፍሬ ውስጥ ከሚፈለፈሉት ጥቃቅን ተርቦች መካከል ክንፍ የሌላቸው፣ ትልልቅ መንጋጋ ያላቸው የወንድ ዓይነቶች አሉ። ከዚያች ፍሬ ወጥተው አያውቁም። ሴቶቹ በርረው ከመሄዳቸው በፊት ከእነሱ ጋር መገናኘት ነው ዕድሜያቸው በሙሉ። ስለዚህ ይቆራረጣሉ፤ ፍሬው ውስጥ የተቆረጠ ራስና እግር ይገኛል። የነገ ቀን ለሌለው ቁስል ምን ያስከፍለዋል? ሜይናርድ ስሚዝና ፕራይስ ባቀረቡት ስሌት ሀብቱ ከቁስሉ ዋጋ ሲበልጥ ርግብ ትጠፋለች፣ ሁሉም ጭልፊት ይሆናል። ጓደኛሽ የሚጠይቅሽ ዓለም የሚቻለው እዚህ ብቻ ነው።

ይህን ዓለም ከፈለግሽ ደረቅነቱን ተይውና የጊዜ ሰሌዳውን ቀይሪ። ፕላኔቷ ኮከቧን የምትዞርበት መንገድ በጣም የተለጠጠ ይሁን፤ ሙቀት ደርሶ በረዶው የሚቀልጠው በዓመቱ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይሁን፤ እንስሳቱም አንዴ ወልደው ይሙቱ። በእነዚያ ቀናት የምታያቸው ፍጥረታት ሽለላ አያውቁም። ዓመቱን ሙሉ እንቁላል ሆነው ተኝተው፣ አንድ ሳምንት ያብዳሉ። እንዲህ ያለ ፕላኔት ብታስነብቢን በበኩሌ ደስ ይለኛል።

ዘመድ አዝማድ ነገሩን ያለሳልሰዋል ብለሽ እንደምታስቢ እገምታለሁ፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ያስባል። በከፊል እውነት ነው። የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው ዊልያም ሃሚልተን በ1964 እንዳሳየው ከእኔ ጋር ጂን የሚጋራን ወንድም መጉዳት የራሴን ድርሻ መጉዳት ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ከመሬት በታች የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል በአንዲት ንግሥት ሥር በብዛት ተጠጋግቶ ይኖራል፤ ከሌላ ጎሬ የመጣ ባዕድ ሲገባ ግን ይነክሱታል፣ ይገድሉታል። ውስጡ ሰላም፣ ድንበሩ ጦርነት። የሾላዎቹ ተርቦች ግን ነገሩ እንዳይቀልብን ያደርጋሉ። በ2001 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በአንድ ፍሬ ውስጥ ያሉት ወንዶች ወንድማማች መሆናቸው ከመቆራረጥ አያግዳቸውም። የሚሻሙት ከወንድሞቻቸው ጋር ብቻ ስለሆነ ዝምድናው ሚዛን ላይ አይነሣም፤ ወንድሜን ብተወው ጥቅሙ የሚሄደው ለሌላው ወንድሜ ነው። ስለዚህ «ፕላኔቷ ላይ ሁሉም ዘመዳማች ናቸው» ማለት ለሰላም ዋስትና አይሆንም። ልጆቹ ርቀው ይሄዳሉ ወይስ እዚያው ይሻማሉ? እሱን ነው መጠየቅ።

በድሬዳዋና በአዋሽ አካባቢ የሚኖረው ሐማድርያስ የተባለው ዝንጀሮ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር ከባልደረቦቹ ጋር በ1974 ባወጣው ጥናት አንድን ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር ለጥቂት ደቂቃዎች ያገናኙና ሌላ ወንድ ከሌላ አጥር ውስጥ ሆኖ እንዲያይ ያደርጉ ነበር። ያየው ወንድ ከዚያ ሲቀላቀላቸው ባለቤቱን አይገጥምም። ፊቱን ያዞራል፣ አፈር ይጭራል፣ ራቅ ብሎ አካባቢውን ይመለከታል። አይቼ እንዳላየሁ የሚል ሰው ሁኔታ አለው። በሌላ ቀን ቦታቸው ቢለዋወጥ ትናንት ባለቤት የነበረው ዛሬ አጎንባሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ነገሩ የጉልበት አይደለም፣ «መጀመሪያ የያዘ ይያዝ» የሚል ልማድ ነው። ገደብ ግን አለው፤ በኋላ እንደታወቀው ሴቲቱ ባለቤቷን ብዙም ካልወደደችው ጉልበተኛው ተቀናቃኝ ዕድሉን ይሞክራል። ዳኛ፣ ሕግ፣ ቋንቋ የለም፤ የባለቤትነት መብት ግን አለ። በባዕድ ፕላኔት ላይ ይህን የመሰለ ልማድ ባይበቅል ነው የሚገርመኝ።

ጾታን በአጭሩ። በምድር ላይ ብዙውን ጊዜ ወንዱ ጠበኛ የሆነው ትንሽ ዘር ከፍሎ ብዙ ልጅ ማግኘት ስለሚችል ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። በእኛ ሐይቆች ላይ በቅጠል ላይ የምትራመደዋ ረጅም ጣት ያላት ጃካና ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ወንዶቹ እንቁላል ሲታቀፉ እሷ ግዛቷን ታስከብራለች። ሐረር ላይ ከሰው እጅ ሥጋ የሚበላው ጅብም በሴቶች ነው የሚገዛው። ስለዚህ ፍጥረታትሽ ሁለት ጾታ ቢኖራቸው እንኳ ማን እንደሚዋጋ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ልጁን ማን እንደሚያሳድግ ወስኚ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይደባለቅብሽ። አደንና ጠብ አንድ አይደሉም። ድመት አይጥ ስትይዝ አልተቆጣችም። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ረጋ ብሎ ሲራመድ ታዪዋለሽ፤ የጭላዳ ግልገል በጥቂት ክንድ ርቀት ይጫወታል። ቀበሮው የሚፈልገው አይጥ ነው። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በጭላዳዎች መካከል ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ ነው። ግልገል ቢነካ ይህን ሁሉ ያጣል። ሥጋ በል ሁሉ ለሁሉም ጠላት የሆነበት ልቦለድ ሳነብ ይህ ቀበሮ ትዝ ይለኛል።

ሌሎች ዓለሞችን ብታስቢስ? ብዙ ትናንሽ ቀይ ከዋክብት ቅርብ የሚዞሯቸው ፕላኔቶች አንድ ፊታቸውን ብቻ ወደ ኮከባቸው አዙረው ሊቀሩ ይችላሉ፤ በ2017 ይፋ የሆኑት ትራፒስት 1 በተባለው ኮከብ ዙሪያ ያሉት 7 ፕላኔቶች እንዲያ ሳይሆኑ አይቀርም ተብሎ ይታሰባል። ሕይወት ቢኖር በቀንና በሌሊት ድንበር ላይ ባለች ቀጭን ቀለበት ላይ ነው የሚሻለው ብለን እናስብ። በሜዳ ላይ የሚኖር እንስሳ ዙሪያውን መጠበቅ አለበት፤ በቀጭን ቀለበት ላይ የሚኖር ግን ሁለት ድንበር ብቻ ነው ያለው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። መጠበቅ ርካሽ ይሆናል፤ ስለዚህ በግሌ ባለ ርስት የበዛበት፣ ስደተኛ ማለፊያ የሚያጣበት ዓለም ነው የሚታየኝ። የጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓ ደግሞ ከበረዶ ቅርፊቷ በታች ባሕር እንዳላት ይታመናል። ወለሉ ላይ ትኩስ ፍልውሃ ቢኖር፣ እንደ እኛ ውቅያኖስ ጥልቅ ፍልውሃዎች ምግብ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው፤ ቀሪው ጨለማና ባዶ። እያንዳንዱ ፍልውሃ እንደ አንድ ጉድጓድ ነው፤ የተባረረ የሚሄድበት የለውም። ከሁለቱ እጅግ የከፋውን ምረጪ ብባል ዩሮፓን ነው የምመርጠው።

የመክፈቻሽን ኩሬ ግን አትጣያት፤ ጥሩ ናት። ቀድሞ የደረሰው አውሬ ባለቤት ይሁን። ሁለተኛው ይምጣ፣ ይቁም፣ ያግሳ። ጎን ለጎን ይራመዱ፤ መሬቱ ከባድ ነውና ሁለቱም እግራቸውን በጥንቃቄ ያንሡ። ከዚያ ሁለተኛው ፊቱን አዙሮ ከድንጋይ ሥር አፈር ይጫር፤ አንባቢው ነገሩ ያለቀ ይምሰለው። ባለቤቱ ሲያረጅ፣ ድምፁ ሲሰልል፣ የሚያየው ሁለተኛው ብቻ አይደለም። ሁለቱም የሚሞቱበትን ትዕይንት ከያዝሽው ግን አንድ ነገር አንባቢሽ ቀድሞ እንዲያውቅ አድርጊ፤ ቀጣዩ ኩሬ የሚደረስበት እንዳልሆነ። ኩሬዋ ስንት ቀን ትቆያለች? ሌላዋስ በስንት ቀን መንገድ ላይ ናት? ጥያቄሽ ላይ አልነገርሽኝም።